የሰብለ ወንጌል ቆብ

በልብ ወለድ ታሪክ አንድ ዕቃ ከዕቃነቱ አልፎ ሌላ ነገር ሲያመለክት ምልክት ይባላል። ለዚህ አዘውትሮ የሚጠቀሰው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1861 ተጽፎ ያለቀው የቻርልስ ዲክንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ነው። ሚስ ሃቪሻም በሠርጓ ቀን እጮኛዋ ስለ ከዳት የቤቷን ሰዓቶች ሁሉ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ አቁማ፣ የሙሽራ ልብሷን ሳታወልቅ አረጀች። ነጩ ልብስ ቢጫ ሆነ፤ በሠርጉ ኬክ ላይ ሸረሪት ሠፈረበት። ደራሲው «ይህች ሴት በቁሟ ተቀብራለች» ብሎ መስበክ አላስፈለገውም፤ ልብሱ ተናገረለት።

እንዲህ ያለውን ለማግኘት ግን ባሕር መሻገር የለብንም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ ሰው የሚያነሣው ለጉዱ ካሳ ንግግር ነው። ጉዱ ካሳ ሐሳቡን በግልጥ ስለሚናገር ተርጓሚ አይሻም። እኛ ልናተኩር የወደድነው በምንኩስና ልብስ ላይ ነው።

በዛብህ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በስለት ለእግዚአብሔር የተሰጠ ልጅ ነው። (ስለት «ለመነ» ከሚለው «ሰአለ» ከተባለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ በቦሌ በኩል ያለችው ሳሊተ ምሕረትም ስሟን ያገኘችው ከዚያው ነው፣ ምሕረትን የምትለምን ማለት ነው።) ልመናው የወላጆቹ ነበር፤ ዕዳው ግን የልጁ ሆነ። ሰብለ ወንጌልን በወደደ ጊዜ ገና ያልደፋው ቆብ ከበደው።

ሰብለ ስትለብሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል። በአባቷ ግቢ ተጠብቃ የኖረችው የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ መነኩሴ መስላ በዛብህን ፍለጋ ትወጣለች። እርሱን ሊያስር የታሰበው ልብስ ለእርስዋ መንገድ ከፈተላት። ያገኘችው ግን ሊሞት ሲያጣጥር ነው። ከዚያ ወዲያ የደፋችው ቆብ ማስመሰያ አይደለም፤ በእውነት መንኩሳ ከመቃብሩ አጠገብ ኖረች። እንግዲህ ልብ እንበል፤ በበዛብህ ስም የተገባውን ስለት የፈጸመችው ሰብለ ናት።

ሚስ ሃቪሻም በልብሷ ውስጥ ቂም ይዛ ኤስቴላን ለበቀል አሳደገች፤ ሰብለ ማንንም አልተበቀለችም። ስለዚህም መጨረሻውን እንደ መንፈሳዊ መጽናኛ የሚያነቡት አሉ። በእኛ አስተያየት ይህ ንባብ ደራሲውን ያለዝበዋል። በዛብህን ለምንኩስና ያጨው የወላጆቹ ስለት ነው፤ ሰብለን ያለ ባል ያስቀመጣት አባቷ ለዘሩ የሚመጥን አማች ማጣቱ ነው። ቆቡን ለሁለቱም የሰፋላቸው ሌላ ሰው ነበር።