የኪስ ቪዲዮ ማጫወቻ ሲገዛ፦ ካርቶኑን ሳይሆን ስክሪኑን ማመን

በአርባ ምንጭ፣ በሲቀላም ሆነ በሴቻ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ነጋዴ ከመርካቶ በጅምላ ያመጣው የኪስ ቪዲዮ ማጫወቻ ጉድለት ቢገኝበት፣ ዕቃውን ለመመለስ ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይጠብቀዋል። የማጓጓዣው ወጪና የሚባክነው ቀን የካርቶኑን ትርፍ ሊበላው ይችላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ፣ በማይሸጥ ዕቃ ላይ የታሰረ ብር ውሎ አድሮ ሲለቀቅ ያንኑ ያህል ዕቃ ላይገዛ ይችላል። ስለዚህ ጥራቱን መለየት የሚገባው ገንዘብ ከመቆጠሩ በፊት ነው።

ስሙ አያታልል

“ኤምፒ ፎር” የፋይል ዓይነት ስም ነው። ይሁን እንጂ ይህ ስም ከተለጠፈባቸው ርካሽ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ የኤምፒ ፎር ፋይልን በቀጥታ አያጫውቱም፤ ፊልሙ በቅድሚያ በኮምፒዩተር ወደ ሌላ ዓይነት መለወጥ አለበት። “ኤምፒ ፋይቭ” የሚባለውም የገበያ ስም እንጂ የታወቀ የቴክኒክ ደረጃ አይደለም።

ተወዳዳሪው ደግሞ ሞባይል ስልክ ነው። አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ለገበያ ያቀረበውን አይፖድ እ.ኤ.አ. በ2022 ማምረት ያቆመው ስልኩ ሥራውን ስለወሰደበት ነው። ራሱን የቻለ ማጫወቻ ገዢ የሚያገኘው በዋጋው ካነሰና የስልክን ባትሪ ሳይነካ ረጅም ሰዓት ካጫወተ ነው።

አምስቱ መፈተኛዎች

አንደኛው ስክሪን ነው። “ኤችዲ ያጫውታል” ማለት ፋይሉን ያነባል ማለት እንጂ በዚያው ጥራት ያሳያል ማለት አይደለም። 1280 በ720 የሆነ የኤችዲ ምስል 921,600 ነጥቦች አሉት። 320 በ240 የሆነ ስክሪን ግን 76,800 ብቻ ስላሉት የሚያሳየው ከ12 አንዱን እጅ ነው። ከግርጌው ጽሑፍ ያለበት ፊልም ተከፍቶ ጽሑፉ መነበቡን ማየት ይበጃል። ከዚያም ማጫወቻውን ወደ ጎን አዘንብሎ ቀለሙ አለመለወጡን፣ ከሱቅ አውጥቶም ምስሉ በፀሐይ መታየቱን ማረጋገጥ ነው።

ሁለተኛው እንቅስቃሴ ነው። የሲኒማ ፊልም በሴኮንድ 24 ምስሎች ያሳያል። አንዳንድ ርካሽ ማጫወቻዎች ፋይሉ ሲለወጥ ይህን ወደ 12 ወይም 16 ስለሚያወርዱት ምስሉ ይዘላል። ለዚህ የእግር ኳስ ጨዋታ ጥሩ ፈታኝ ነው። ቢያንስ 10 ደቂቃ ከተጫወተ በኋላም የተናጋሪው ከንፈርና ድምፁ አለመለያየታቸውን ማየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ሜሞሪ ነው። 8 ጊጋ ባይት የተባለው ኮምፒዩተር ላይ 7.4 ገደማ ቢያሳይ የአቆጣጠር ልዩነት እንጂ ጉድለት አይደለም። አደጋው ትንሹን ሜሞሪ ትልቅ አስመስሎ የሚያሳየው ነው። እንዲህ ያለው ሜሞሪ ሲሞላ ቀድሞ የተጫነውን ያጠፋል ወይም የኋለኛውን ያበላሻል። ማጋለጫው እስከ አፉ ሞልቶ የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ፋይል ማጫወት ነው።

አራተኛው ባትሪ ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ብዙውን ጊዜ ስክሪኑ ጠፍቶ ለሙዚቃ የተለካ ነው። ቪዲዮ በሙሉ ብርሃን ሲታይ ሰዓቱ በጣም ያንሳል። ከዚህም ሌላ የአርባ ምንጭ ሙቀት የሊቲየም ባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል፤ የጨንቻ ብርድ ደግሞ በአንድ ሙሌት የሚሠራበትን ሰዓት ይቀንሳል። ለረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ቢያንስ አንድ ሙሉ ፊልም አሳይቶ መጨረስ አለበት።

አምስተኛው ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መለያ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች የአማርኛ የፋይል ስምን በባዶ ሳጥን ይተካሉ። ደንበኛው የሚፈልገውን ዘፈን በስሙ ለይቶ ካላገኘ ዕቃው በእጁ አይቆይም።

ውሉ በጽሑፍ

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ሲል የተረጎመው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው፤ መልሶ ለመሸጥ የሚገዛ ነጋዴ በዚህ ትርጉም አይካተትም። የእርሱ መከላከያ ከአከፋፋዩ ጋር የሚፈርመው ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ የስክሪኑ ነጥብ፣ የሜሞሪው ልክ፣ የሚያነባቸው የፋይል ዓይነቶች፣ የመመለሻው ጊዜና የመመለሻውን ማጓጓዣ ማን እንደሚከፍል ሊሰፍር ይገባል። ናሙናውም አከፋፋዩ መርጦ የሚሰጠው ሳይሆን ከካርቶኑ ላይ፣ መካከልና ሥር ገዢው ራሱ የሚያወጣው መሆን አለበት። በዚህ መልክ የሚጠፋው ግማሽ ቀን ከመመለሻው መንገድ ያነሰ ነው፤ መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነውና።