ምዕራፍ 6፦ ክምሩን የሚያገላብጥልን ሰው

ሰልባጅ የለበሰ ሰው ስለ ሸሚዙ ሲጠየቅ የተዘጋጀ መልስ ነበረው፤ «ዘመድ ከውጭ ልኮልኝ ነው»። ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። ሸሚዙ በእርግጥም ከውጭ መጥቷል፤ የሌለው ላኪው ዘመድ ብቻ ነው። እኔም በተማሪነቴ በዚህ መልስ ስንት ጊዜ እንደተሸሸግሁ አልቆጠርሁትም። ዛሬ የሃያ ዓመት ወጣት ያንኑ የመሰለ ሸሚዝ ለብሶ ስልኩ ፊት ይቆምና ከየትኛው ክምር ሥር እንደመዘዘው፣ ስንት ተብሎ በስንት እንደገዛው ለማያውቃቸው ሺህ ሰዎች ይተርካል። ያገለገለ ዕቃ የምትሸጡ ከሆነ ይህ ለውጥ ከየት እንደመጣ ማወቅ እንጀራችሁ ነው።

ያገለገለ ልብስ የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ ወጣቱን የሚያሸሹ ሁለት ነገሮች አሉበት። አንዱ እፍረት ነው፤ ሁለተኛው ድካም። አዲስ ልብስ የሚሸጥበት ቤት ገብታችሁ «ጥቁር፣ 40 ቁጥር» ካላችሁ ይቀርብላችኋል። ሰልባጅ ቤት ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ስታገላብጡ ቆይታችሁ አቧራ ብቻ ይዛችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ። ተጽዕኖ ፈጣሪ የምንለው ሰው ዋናው ጥቅሙ የተከታዩ ብዛት አይመስለኝም። ሁለቱን ሸክሞች ከገዢው ትከሻ ማውረዱ ነው፦ ቀድሞ ያገላብጣል፣ ቀድሞ በአደባባይ ይለብሳል።

እፍረቱ በምክር አልሄደም። አሜሪካዊው ራፐር ማክልሞር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው «ትሪፍት ሾፕ» በተሰኘ ዘፈኑ በርካሽ የገዛውን አሮጌ ልብስ እንደ ጀብዱ አወራ፤ ዘፈኑ በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካን የሙዚቃ ሰንጠረዥ አናት ያዘ። በእንግሊዝ ደግሞ «ላቭ አይላንድ» የሚባለው የቴሌቪዥን ውድድር ተሳታፊዎቹን ርካሽ አዲስ ልብስ በሚያመርቱ ድርጅቶች ሲያስለብስ ኖሮ፣ በ2022 የበይነመረብ መገበያያው ኢቤይ ያገለገሉ ልብሶችን ይዞ ገባ። ከተሳታፊዎቹ አንዷ ታሻ ጉሪ ውድድሩ ሲያበቃ የኢቤይ ያገለገሉ ልብሶች አምባሳደር ሆነች። ሥራውን የሠራው ስለ አካባቢ ብክለት የተደረገ ንግግር አይደለም። ያማሩ ወጣቶች አሮጌ ለብሰው ታዩ፤ በቃ። ቅናት የሠራውን ስብከት አይሠራውም።

የዴፖፕ ታሪክ ይበልጥ ለእኛ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣሊያኗ ሚላን የተጀመረ፣ ሰዎች ያገለገለ ልብስ የሚሸጡበት መተግበሪያ ነው። ሌላው የበይነመረብ መገበያያ ኤትሲ በ2021 በ1.625 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛው፣ በንቃት ከሚጠቀሙት ሰዎች 90 በመቶ ያህሉ ከ26 ዓመት በታች እንደሆኑ ድርጅቱ አስታውቆ ነበር። ዴፖፕ ራሱ ልብስ ገዝቶ የሚሸጥ አልነበረም። ሻጮቹ ራሳቸው ለብሰው ፎቶ ይነሳሉ፣ እንደ ጓደኛ ያወራሉ፣ ደንበኛቸውም ልብሱን ብቻ ሳይሆን ምርጫቸውን ተከትሎ ይመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሱቅ የሚሰናከልበት ጉድባ አለ። ቲክቶከሩ መጥቶ አንድ የሚያምር የቆዳ ጃኬት ለብሶ ይቀርጻል። ቪዲዮው ይሰራጫል፣ ሰው ይጎርፋል፤ ጃኬቱ ግን አንድ ብቻ ነበር፣ የመጀመሪያው ሰው ወስዶታል። የቀሩት ተናደው ይመለሳሉ፣ ኮሜንቱም «ውሸታሞች» በሚል ይሞላል። ፋብሪካ ቢሆን ሺህ ጃኬት ያወጣ ነበር፤ እናንተ ግን አታወጡም። ስለዚህ መቀረጽ ያለበት ዕቃው ሳይሆን ፍለጋው ነው፦ አዲስ ዕቃ የሚገባው ማክሰኞ ጠዋት እንደሆነ፣ የወንዶቹ ኮት በየትኛው ጥግ እንደሚሰቀል፣ ብብቱና አንገትጌው እንዴት እንደሚፈተሽ፣ ዚፑ ሦስት ጊዜ ተከፍቶ መዘጋት እንዳለበት። ይህን ያየ ወጣት ጃኬቱ ቢያልፈው እንኳ ማክሰኞን አይረሳም።

ሰውየውን ስትመርጡ ደግሞ በቁጥር አትታለሉ። ለምሳሌ አንዷ በየአገሩ የተበተኑ 200,000 ተከታዮች ቢኖሯት፣ ሌላዋ 4,000 ብቻ ኖሯት አብዛኞቹ በእናንተው ከተማ ታክሲ ይዘው የሚደርሱ ቢሆኑ፣ እኔ ሁለተኛዋን ነው የማስገባው። ቲክቶክ ቪዲዮ የሚያሳየው ለተከታይ ብቻ አይደለም፤ ሰዎች ምን አይተው እንደቆዩ እየመዘነ ለማያውቁትም ያቀርባል። ትንሽ ሱቅም ዕድል የሚያገኘው በዚህ ነው። ገንዘብ ወይም ነጻ ልብስ ከሰጣችሁ ግን ይነገር። በአሜሪካም በእንግሊዝም ማስታወቂያ መሆኑን መግለጽ ግዴታ ነው፤ ሕጉን እንኳ ብንተወው ወጣቱ የተከፈለበትን ፈገግታ ከሩቅ ያውቀዋል።

(በነገራችን ላይ «ዋጋ በኢንቦክስ» የምትለዋን ነገር ብትተዉአት ደስ ይለኛል። ሰውን ክምር ከማገላበጥ አድናችሁ ኢንቦክስ ማገላበጥ ውስጥ ልትከቱት?)

ወደ አገራችን ስንመጣ አንድ ነገር ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። ከውጭ የሚመጣ ልባሽ ጨርቅ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ጉምሩክ በየጊዜው በኮንትሮባንድ የሚይዘውን በዜና የምንሰማው ለዚህ ነው። በቦንዳ ላይ ቪዲዮ መሥራትም ራስን ለሕግ ማጋለጥ መሆኑን ማንም ብልህ ነጋዴ ያውቃል። እዚሁ የተገዛ፣ እዚሁ ያገለገለ ዕቃ ግን ሞልቷል። አንድ ቀን ብቻ የተለበሰ የሰርግ ቀሚስ፣ የአያት ቡፌ፣ የካሴት ማጫወቻ፣ ሽፋኑ የተላጠ ልብወለድ። ቆራሌው ሰፈር ለሰፈር እየጮኸ የሰበሰበው፣ ምናለሽ ተራ ተጠግኖ ሌላ ዕቃ የሚሆነው ሁሉ የሚቀረጽ ታሪክ አለው። የምናለሽ ተራ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ እጅ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ የሚሠራውን ብዙ ማስታወቂያ አይሠራውም።

ዝና ሲመጣ ዋጋ መስቀል ያምራል። ዴፖፕ ላይ የደረሰው ትችት ይኸው ነው፤ ከርካሽ ሱቅ ገዝተው በእጥፍ የሚሸጡ ወጣቶች፣ ያ ሱቅ ብቸኛ አማራጩ የሆነውን ድሃ እየገፉት ነው ተባለ። ክርክሩ አላለቀም፤ የእኔ አቋም ግን የድሮ ደንበኛን አስቀይሞ የተገኘ አዲስ ደንበኛ አይከርምም ነው። ለቪዲዮ የሚሆነውን ጥቂት ዕቃ ለይታችሁ ስቀሉ፤ ለእናቶችና ለቀን ሠራተኞች የምትሸጡበት ክምር በድሮ ዋጋው ይቀመጥ።

ተጽዕኖ ፈጣሪ ከመጥራታችሁ በፊት ግን አንድ ጥግ አጽዱ፣ ብሩህ አምፖል አብሩበት፣ ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስታወት አቁሙ። የሚመጣው ወጣት ማንም ሳይከፍለው ስልኩን አውጥቶ ራሱን ይቀርጻልና መስታወቱን ወልውላችሁ ጠብቁት።