ንዋየ ዐመፃ ምን ማለት ነው?

ጌታችን ስለ ዐመፀኛው መጋቢ በተናገረው ምሳሌ ውስጥ (ሉቃስ ምዕራፍ 16) ብዙዎቻችንን የሚያስቸግር አንድ ቃል አለ። ይኸውም በግእዙ «ንዋየ ዐመፃ»፣ በአማርኛው «የዐመፃ ገንዘብ» የተባለው ነው። ቃሉ በአራማይክ ቋንቋ «ማሞና» ሲሆን የግሪኩ ወንጌል ሳይተረጉም እንዳለ ወስዶታል። የግእዙ ተርጓሚዎች ግን «ንዋይ» አሉት።

ንዋይ በግእዝ ዕቃም፣ ሀብትም፣ ገንዘብም ማለት ነው። መስቀሉን፣ ጽዋውንና ጻሕሉን «ንዋየ ቅድሳት» የምንለው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ በመቅደሱም በዐመፃውም የሚጠራው አንዱ ንዋይ ነው። ንዋይ በራሱ ርኩስ አይደለም፤ የሚለየው በተገኘበት መንገድና በዋለበት ሥራ ነው።

በ1993 ዓ.ም. የፀረ ሙስና ኮሚሽን ከተቋቋመ ወዲህ «ሙስና» ሲባል የሚታየን ባለሥልጣን ብቻ ነው። በግእዝ ግን ሙስና ጥፋት፣ መበስበስ ማለት ነው፤ ዳዊት የሚደግም ሰው በመዝሙር 15 ስለ መቃብር ሲነገር ያገኘዋል። ታዲያ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ መበስበሱ በቢሮ ብቻ ነውን? በየክረምቱ አንድ አንድ ትልም እየጨመረ የጎረቤቱን ድንበር የሚገፋ ገበሬስ? ሲገዛ ቁናውን ነቅንቆና ከምሮ፣ ሲሸጥ አጉድሎ የሚሰፍር ነጋዴስ? የተቸገረን ሰው በአራጣ የሚያስጨንቅስ? እነዚህ ጉቦ አልበሉም፤ ጎተራቸው የያዘው ግን ንዋየ ዐመፃ ነው።

ጌታችን በዐመፃ ገንዘብ ወዳጆችን አድርጉ ማለቱን ይዘው «እንግዲያው ለታቦቱ ጃንጥላ ብገዛ ይሰረይልኛል» የሚሉ አሉ። ይህ አያስኬድም። በዚያው ምዕራፍ ቍጥር 11 ላይ በዐመፃ ገንዘብ ያልታመነ እውነተኛው እንደማይሰጠው ተጽፏል። ሲራክም ከድሃ ንብረት ወስዶ መሥዋዕት የሚያቀርበውን፣ ልጅን በአባቱ ፊት ከሚያርድ ጋር አስተካክሎታል። የካህናት አለቆች እንኳ የይሁዳን 30 ብር ወደ መባው ሣጥን አላገቡም። (ደሙን ለመግዛት ግን አላፈሩም!)

ዘኬዎስን እንይ። ግማሹን ሀብት ለድሆች ሰጠ፤ የበደላቸውን ሰዎች ግን ለድሆች በሰጠው አላሳለፋቸውም፤ ለእነርሱ ለብቻው አራት እጥፍ መለሰላቸው። ባለቤቱ ሲታወቅ ምጽዋት የመመለስን ቦታ አይተካም። ባለቤቱ የማይታወቀው፣ ለምሳሌ በገበያ ከስንቱ ሰው የጎደለው ስፍር፣ ለድሃ ቢሰጥ ያስኬዳል ብለን እናስባለን፤ ዝርዝሩን የንስሐ አባት ይወስኑ።

ለከበሮና ለደንብ ልብስ መዋጮ ስንሰበስብ የእያንዳንዱን ሰው ብር ከየት መጣ ብለን አንመረምርም፤ ሥራችንም አይደለም። ነገር ግን አንድ አባት ራሳቸው «የእገሊትን መሬት ገፍቼ ያገኘሁት ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ይሁን» ቢሉን ደረሰኝ አንቆርጥላቸውም። ከበሮው ለከርሞ ይደርሳል፤ አስቀድመው ድንበሯን ይመልሱላት እንላቸዋለን።