«ጾም ሴል ያጸዳል» ተብሎ የልብ መድኃኒት ይቋረጣል?

 

በቅርቡ አንዲት እናት ከግራና መጡ። እግራቸው አብጧል፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የቆየ የልብ ድካም አለባቸው። «እናቴ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?» አልኳቸው። ልጃቸው ቀድሞ መለሰ፦ «ዶክተር፣ ጾም ሴል ያጸዳል ሲባል ስልክ ላይ አየን። ከጾሙ ጋር አቆምነው።»

ነገሩ ግማሹ እውነት ነው። ስለዚህ በደንብ እንየው።

ልባችን በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ጉልበቱ ኤቲፒ ይባላል። ልብ ብዙ ኤቲፒ አያከማችም፤ ያመረተውን ወዲያው ይጨርሳል። ኤቲፒ ሲጎድል ቶሎ የሚያውቀው ኤኤምፒኬ የሚባል ኢንዛይም ነው።

ኤኤምፒኬን እንደ መስኖ የውኃ አባት አስቡት። ውኃው ሲያንስ አዲስ ማሳ ማጠጣቱን ያስቆማል፤ ቦዩም ከደለል እንዲጠረግ ያዛል። ኤኤምፒኬም እንደዚሁ አዲስ ግንባታን ያዘገይና ሴሉ ያረጁ ክፍሎቹን ፈጭቶ መልሶ እንዲጠቀምባቸው ያደርጋል። ይህ ጽዳት ኦቶፋጂ ይባላል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በእርሾ ላይ አጥንተውት በ2016 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል። ረሃብም ይህን ጽዳት ያነሳሳል።

ታዲያ ለደከመ ልብስ? ጽዳቱ ሲያንስ የተበላሹ ማይቶኮንድሪያዎች ይከማቻሉ፣ ሴሉም ይጎዳል። ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ጤነኛውም ክፍል አብሮ ይበላል። ቦይ ጠራጊው ግድቡንም ከናደው ምን ይተርፋል? ደግሞም ይህ እውቀት በአብዛኛው የተገኘው ከሴልና ከእንስሳት ጥናት ነው።

ከሁሉም በላይ ኦቶፋጂ በሩማቲክ በሽታ የጠበበ የልብ በር አይከፍትም፣ ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ውኃም አያስወጣም። የእኚህ እናት እብጠት የጎደለው ውኃውን በሽንት የሚያስወጣው ፉሮሴማይድ ስንመልስላቸው ነው። ከቀናት በኋላ ጋደም ብለው ተኙ።

የልብ ድካም ያለባችሁ፦

1. ሁዳዴም ሆነ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። ለአንዳንዱ ሰው የመድኃኒቱን ሰዓት ማስተካከል ይበቃል፤ አንዳንዱ ግን ባይጾም ይሻላል።
2. በራሳችሁ መድኃኒት አታቁሙ።
3. በሽሮውም በወጡም ጨው ቀንሱ።
4. እግር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመራችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

የልብ ሕመምተኛ ቤታችሁ ካለ ይህን አንብቡለት። ለሌሎችም ሼር አድርጉ።