ልጆች ስለ ዘር ሲጠይቁ

በሸዋ ሮቢት አማራው፥ አርጎባው፥ አፋሩና ኦሮሞው በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ የሰንበቴም የእሑድ ገበያ እንዲሁ ነው። ይሁን እንጂ በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በይፋት ቆላ ደም ፈሰሰ፤ አጣዬም ተቃጠለች። ያን ያዩ ሕፃናት ዛሬ ተማሪዎች ናቸው። «እነዚያ ሰዎች ሁሉ ክፉዎች ናቸውን?» ብለው ቢጠይቁ ወላጅና መምህር ምን ይመልሱላቸው?

አንደኛ፥ «ዝም በል!» ብለው አያባርሩት፤ የተባረረ ልጅ መልሱን ከመንገድ ይለቅማልና። ዘመድ የሞተበትም ኀዘኑን ይናገር።

ሁለተኛ፥ በዳዩን ከወገኑ ይለዩለት። «ቤት ያቃጠሉት በድለዋል፤ አብሮህ የሚማረው ልጅ ግን አላቃጠለም» ይበሉት።

ሦስተኛ፥ ከጠብ በፊት ስድብ ይቀድማልና የስድብን ታሪክ ያስረዱት። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሯል፤ «ባሪያ» የሚለው ስድብ ግን አልተሻረም። ልጁ ቃሉ ሰው እንደ ከብት ከተሸጠበት ዘመን የመጣ መሆኑን ይወቅ።

አራተኛ፥ አንደበታቸውን ይጠብቁ፤ ቡና ሲጠጣ የሚወራውን ልጅ ይሰማል።

ጓደኞች ሆይ፥ ለዕረፍት አገር ቤት ስንገባ ታናናሾቻችን የሚጠይቁት እኛን ነው። መልሱን ከወዲሁ እናሰናዳ።