የሚሠራውን ሳያፈርሱ መፈተሽ፦ በነባር መተግበሪያ ላይ ራስ ሰር ፍተሻ ከየት ይጀመራል?

በነሐሴ 1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2004) የካናዳዋ ካልጋሪ «ኤክስፒ አጃይል ዩኒቨርስ» የተሰኘውን የሶፍትዌር ጉባኤ አስተናግዳ ነበር። ጉባኤው ካተኮረባቸው ዘዴዎች አንዱ ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ ሲሆን፣ ፕሮግራመሩ ከኮዱ አስቀድሞ ኮዱን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ እንዲጽፍ ይጠይቃል። በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ጄምስ ጎስሊንግ የፈለሰፈው ጃቫም ለዚህ ልማድ ባለውለታ ነው፤ ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ የጻፉት ጄዩኒት የተባለው ዝነኛ የፍተሻ መሣሪያ ለጃቫ የተሠራ ነበርና።

ይሁንና አብዛኛው ባለሙያ ሥራውን ከባዶ ገጽ አይጀምርም። የሚረከበው ዓመታት ያገለገለ፣ ጸሐፊዎቹ የተበተኑ፣ አንድም ፍተሻ የሌለው መተግበሪያ ነው። ማይክል ፌዘርስ በዚያው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ውርስ ኮድ ማለት ፍተሻ የሌለው ኮድ ነው ሲል በይኗል። ብያኔው ጨከን ያለ ቢመስልም ትክክል ነው፤ ትናንት የተጻፈ ኮድም ፍተሻ ከሌለው ዛሬ የሚነካው ሰው በጨለማ ይዳብሳል።

በካልጋሪ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የመሠረቱት አንድ እድር አለ እንበል። የወር መዋጮውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያሰላ ድረ ገጽ አለው። አዲስ የመጣ ፕሮግራመር በኮዱ ውስጥ «ወሩ 13 ከሆነ እንደ ነሐሴ ቁጠር» የሚል መስመር ያገኛል። ስህተት መስሎት ቢሰርዘው፣ ጳጉሜን በገባ ማግስት አባላት ሁሉ የአንድ ወር ትርፍ ዕዳ ይቆጠርባቸዋል። ያን መስመር የጻፈው ሰው ዓላማው ገብቶት ነበር፤ ማስታወሻ ግን አልተወም።

እዚህ ላይ ባለሙያው «ትክክለኛው ውጤት ምን መሆን ነበረበት?» ብሎ አይጀምርም። መጀመሪያ የሚጠይቀው «አሁን ምን ይመልሳል?» ብሎ ነው። ሦስት ወር ላዘገየ አባል ሥርዓቱ 45 ዶላር ካወጣ፣ ፍተሻው 45ን ይመዘግባል። ደንቡ 50 የሚል ከሆነ ገንዘብ ያዡን መጠየቅ ይገባል እንጂ በዚያው እጅ ማስተካከል አይገባም፤ መመዝገብና ማረም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

አስቸጋሪው ነገር አዙሪቱ ነው። ኮዱን ለመፈተሽ ኮዱን መለወጥ ያስፈልጋል፤ ያለ ስጋት ለመለወጥ ደግሞ ፍተሻ ያስፈልጋል። መውጫው ከውጭ መጀመር ነው። እንደ ሴሌኒየም ያለ መሣሪያ ብራውዘሩን እንደ ሰው እያዘዘ ይገባል፣ ቅጽ ይሞላል፣ የተመለሰውን ገጽ ያነብባል፤ ከመተግበሪያው አንድም መስመር አይነካም። ቀርፋፋና ተሰባሪ ስለሆነ ግን ጥቂት ብቻ ይበቃል። በእነዚያ ከለላ ሥር ስሌቱ ከገጹ ተነጥሎ ለብቻው ይወጣል፤ «ዛሬ ስንት ነው?» የሚለውንም ከሰርቨሩ ሰዓት ከመውሰድ ይልቅ ከውጭ እንዲቀበል ይደረጋል። ያኔ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ለመፈተሽ አራት ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም።

የትኛው ክፍል ይቅደም? ቢሰበር ብዙ የሚጎዳው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማዘዋወር ችለው ነበር፤ በሰዓታት ውስጥ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ተንቀሳቅሷል። ባንኩ መንስኤው የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሥርዓት ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ችግር መሆኑን ገልጿል። የባንክ ሥርዓት ከአንድ እድር ድረ ገጽ እጅግ የተወሳሰበ ቢሆንም፣ «100 ብር ያለው ሰው 101 ብር ሲጠይቅ ይከለከላል» የሚለው ፍተሻ ገንዘብ በሚነካ በማንኛውም መተግበሪያ ከማሻሻያ በፊትም በኋላም መሮጥ ያለበት ነው።

ፍተሻው የሚሮጠው የአባላት እውነተኛ መረጃ በሌለበት በተለየ ዳታቤዝ ላይ ነው፤ አጭር የስልክ መልእክት የሚልከው ክፍልም በአስመሳይ ይተካል፤ አለዚያ በእኩለ ሌሊት የዕዳ ማስታወቂያ ለሁሉም ይደርሳል። ከዚያ በኋላ አዲስ ስህተት በተገኘ ቁጥር፣ ከማረም በፊት ስህተቱን የሚያሳይ ፍተሻ ይጻፋል። ያለ ምክንያት አንድ ቀን የሚያልፍ ሌላ ቀን የሚወድቅ ፍተሻ ሲገኝ ግን ወዲያው ይጠገን ወይም ይውጣ፤ ሠራተኞቹ ቀዩን ምልክት ችላ ማለት ከለመዱ እውነተኛውንም አያዩትም።