ለቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚስማማ መላጫ ስለ መምረጥ

የሥራ መሣሪያ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ዋጋውና ስለ ጥንካሬው ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያርፍበትን ዕቃ ጠባይ አስቀድሞ ያልመረመረ ገዢ፥ ውድም ቢገዛ ርካሽም ቢገዛ፥ ገንዘቡን በከንቱ እንዳያወጣ ያሰጋል። ይህንን ጉዳይ አጉልተው ከሚያሳዩት ሥራዎች አንዱ፥ በአሜሪካ አገር ግለሰቦች በገዛ እጃቸው በሚሠሯቸው ትንንሽ አይሮፕላኖች ውስጥ የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። በዚህ ሥራ የአንዲት መላጫ አመራረጥ ከሰው ሕይወት ጋር ሊያያዝ ይችላል።

የሥራው ሁኔታ

በአሜሪካ ደንብ መሠረት አንድ ሰው ለትምህርቱ ወይም ለመዝናኛው ሲል የአይሮፕላኑን ሥራ አብዛኛውን ክፍል ራሱ የፈጸመ እንደሆነ፥ አይሮፕላኑ ተመርምሮ በሙከራ መደብ እንዲበር ይፈቀድለታል። የእነዚህ ሠሪዎች ማኅበር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. በዊስኮንሲን ግዛት በሚልዋኪ ከተማ በፖል ፖበረዝኒ መሪነት ተቋቋመ። በፋብሪካ የሚሠራ አይሮፕላን ሽቦው በልዩ ልዩ ተቆጣጣሪዎች ዓይን ያልፋል፤ በጋራዥ ውስጥ በሚሠራው ግን ሽቦውን የሚልጠውም፥ ሥራውን በየዕለቱ የሚቆጣጠረውም አንድ ሰው ነው። ስለዚህ መሣሪያው ስሕተትን የሚቀንስ መሆን ይኖርበታል።

የሽቦው ጠባይ

በአሜሪካ የሽቦ መለኪያ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሽቦው እየቀጠነ ይሄዳል። ለሬዲዮ፥ ለመለኪያ መሣሪያዎችና ለትንንሽ መብራቶች የሚያገለግሉት በብዛት ቁጥር 20፥ 22 እና 24 ናቸው። ለአይሮፕላን የሚመረጠው ቁጥር 22 ሽቦ በውስጡ 19 የመዳብ ክሮች አሉት፤ የእያንዳንዱም ክር ውፍረት 0.16 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። መዳቡ በቆርቆሮ ማዕድን የተለበጠ ሲሆን፥ የላይኛው ልባስ ቴፍዜል ከተባለ ነገር ይሠራል። ይህ ልባስ እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የሚችል፥ ስስ ሆኖ ሳለ ጠንካራ፥ እንዲሁም አንሸራታች ነው። ለተራ የቤት ሽቦ ልባስ የተሠራ ስለት ቴፍዜልን በቀላሉ አይቆርጠውም፤ ይጎትተዋል ወይም ያዳልጠዋል።

ሽቦው አንድ ወፍራም ዘንግ በመሆን ፈንታ 19 ክር የሆነበት ምክንያት መንቀጥቀጥን እንዲችል ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፥ የሽቦው ብርታት በክሮቹ አንድነት ላይ የቆመ ነው።

ጉዳቱ ከምን ይመጣል?

ስለቱ ልባሱን አልፎ መዳቡን የነካ እንደሆነ በክሩ ላይ ጭረት ይቀራል። ጭረቱ በዓይን የማይታይ ይሆናል፤ መብራቱም ይበራል፥ ሬዲዮውም ይናገራል። ጉዳቱ የሚገለጸው ውሎ አድሮ ነው። አራት ሲሊንደር ያለው የተለመደ የአይሮፕላን ሞተር በደቂቃ 2,400 ጊዜ ሲዞር፥ በያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚተኩስ በአንድ ሰዓት በረራ 288,000 ምት ይሰጣል። ሽቦው በደንብ ካልታሰረ በምቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ የተጫረውም ክር ከጭረቱ ላይ ይደክምና ይበጠሳል። የአንዱ ሸክም ለቀሩት ሲተርፍ እነርሱም በተራቸው ይደክማሉ። አሮጌዎቹ ሞተሮች እሳት የሚያገኙት ባትሪ ከማያስፈልገው ማግኔቶ ነበርና የአንድ ሽቦ መበጠስ ሞተሩን አያቆምም ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ሠሪዎች ከባትሪ ኃይል የሚያገኝ የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ስለሚያስገቡ፥ መጠባበቂያ መስመር ካልተዘጋጀ አንድ የተበጠሰ ሽቦ ሞተሩን በአየር ላይ ሊያጠፋው ይችላል።

የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ባወጣው የጥገና መመሪያ፥ ከቁጥር 24 እስከ 14 ላሉት ባለ 19 ክር የመዳብ ሽቦዎች የሚፈቀደው ሁለት የተጫሩ ክሮች ብቻ ነው፤ የተበጠሰ ክር ከቶ አይፈቀድም። የቤት ሠሪዎችም ይህንን እንደ መመዘኛ ይጠቀሙበታል።

የመላጫ ዓይነቶች

1ኛ/ ሰንጢና ምላጭ። ወጪ የላቸውም፤ ጥልቀታቸውን የሚወስነው ግን የእጅ ግምት ብቻ ነው። ልባሱ ከሚሊሜትር ክፍልፋይ በማይበልጥበት ሽቦ ላይ ይህ ግምት ሊታመን አይገባም።

2ኛ/ ባለ ቀዳዳ ፒንሳ። በየቀዳዳው ላይ የሽቦው ቁጥር ተጽፎበታል፤ በጥሩ እጅም መልካም ሥራ ይሠራል። ነገር ግን አንድ የተሰወረ ወጥመድ አለበት። ቁጥሩ እኩል ሆኖ ሳለ ባለ ብዙ ክር ሽቦ ከነጠላው ዘንግ ጥቂት ይወፍራል። ስለዚህ ለነጠላ ሽቦ በተለካ ቀዳዳ ባለ 19 ክሩን የሚልጥ ሰው የዳር ክሮቹን ይጭራል። ገዢው በመሣሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ለየትኛው ሽቦ እንደ ሆነ መጠየቅ አለበት።

3ኛ/ ሽቦውን ይዞ ልባሱን የሚስብ መላጫ። በአንድ ጭምቅታ አንዱ መንጋጋው ሽቦውን ይይዛል፥ ሌላው ቆርጦ ይስባል። ስለቱ የሚለዋወጥ በመሆኑ በልክ የተቦረቦረ፥ ለቴፍዜል ልባስ የተሠራ ስለት ሊገባለት ይችላል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሆኖም በመቶ የሚቆጠሩ ጫፎችን አንድ ዓይነት አድርጎ ስለሚልጥ ለዚህ ሥራ ተመራጩ ይህ ነው። ተራ ስለት እንደ ገባበት ቢቀር ግን የመሣሪያው ውድነት ብቻውን ሽቦውን አያድነውም።

4ኛ/ በሙቀት የሚልጥ መሣሪያ። ልባሱን አቅልጦ ስለሚለይ ስለት መዳቡን አይነካውም። ይሁን እንጂ ሥራው አዝጋሚ ነው፤ የዚህ ዓይነት ልባስ ከመጠን በላይ ሲሞቅም ለጤና ጎጂ ጢስ ስለሚያወጣ አየር በሚገባ በሚዘዋወርበት ስፍራ ሊሠራበት ይገባል።

ከመግዛትና ከመሥራት በፊት የሚደረግ ፈተና

መላጫው በሚታዘዝበት ጊዜ አይሮፕላኑ ውስጥ ከሚገባው ሽቦ ቁራጭ ተወስዶ አሥር ጫፎች ይላጡ። ሽቦው ከስለቱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ ተደርጎ ይያዝ። ከዚያም እያንዳንዱ ጫፍ በማጉያ መነጽር ይታይ፤ ክሮቹ 19 መሆናቸው ይቆጠር፤ ጭረት መኖሩ፥ የልባሱ ጠርዝ ንጹሕ መሆኑ፥ መንጋጋውም ልባሱን አለመጨፍለቁ ይመርመር። የተበተኑ ክሮች ቀድሞ በተፈተሉበት አቅጣጫ ይጠምዘዙ። የተላጠው ርዝመትም ከሚገባበት ፒን ጥልቀት ጋር ይመሳከር፤ ፒኑ የመመልከቻ ቀዳዳ ካለው ክሮቹ በቀዳዳው መታየት አለባቸው። ከአሥሩ አንዱ እንኳ ክሩ የተበጠሰበት ከሆነ ስለቱ ወይም ልኩ ይለወጥ።

ተመርጦ የተገዛው መላጫ ለዚሁ ለቀጭን ሽቦ ብቻ ይጠበቅ፤ ስለቱ በደነዘዘ ጊዜም ይተካ።

መሣሪያ ለሚነግድም ሰው በዚህ ውስጥ ትምህርት አለ። መላጫ ሊገዛ ለመጣ ደንበኛ ዋጋ ከመንገር በፊት ሦስት ጥያቄዎች ማቅረብ ይገባል፦ የሽቦው ቁጥር ስንት ነው? ነጠላ ነው ወይስ ባለ ብዙ ክር? ልባሱስ ከምን የተሠራ ነው? የእነዚህን መልስ ሰምቶ ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ የሸጠው ፒንሳ ብቻ አይደለም፤ የደንበኛውን ሥራ ከጉዳት ጠብቋል። ይህንንም ያደረገ ሰው ደንበኛው ተመልሶ እንደሚመጣ ተስፋ ቢያደርግ አያሳፍረውም።